መሪ የሚይዝ እጅ ጽዋ አያንሣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 9፥ የክርስቲያንን ኑሮ በሯጭ መስሎ ያስተምራል። በሜዳ የሚሽቀዳደም ሰው ለሚጠወልግ አክሊል ሲል ምግቡን፥ መጠጡንና እንቅልፉን መጥኖ ሰውነቱን የሚገዛ ከሆነ፥ የማይጠወልገውን አክሊል ተስፋ የምናደርግ እኛ ከእርሱ ይልቅ ሰውነታችንን ልንገዛ እንደሚገባን ያስረዳናል። ስለዚህ ስፖርተኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ እንግዳ ሰው አይደለም፤ ሐዋርያው ራሱ የመግዛት ምሳሌ አድርጎ አቁሞታል።

እንግዲህ ይህ ሰውነቱን መግዛት የለመደ ሰው ጠጅ ወይም አረቄ ጠጥቶ የመኪና መሪ ቢይዝ ምን ይሆናል? ብዙ ሰዎች «ብርቱ ሰው መጠጥ አያሸንፈውም፤ የለመደ ነጂ ቢጠጣም መንገዱን አይስትም» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አነጋገር ብዙ ነፍስ ያጠፋ አነጋገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው በደሉ የሚጀምረው ሰው በገጨበት ደቂቃ ሳይሆን፥ ልቡናው ገና ጤነኛ ሳለ ጽዋውን ባነሣበት ሰዓት ነው። በደሉ በዚያ ሰዓት ከጀመረ መከላከያውም በዚያው ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ነጂው ብቻውን አይደለም፤ ቀጂው፥ ጋባዡ፥ አብሮት የሚጓዘውና ካህኑ በአጠገቡ አሉ።

ስለ መጠጥና ስለ ስካር

አስቀድመን መጠጥ በራሱ ርኩስ ነው እንደማንል ይታወቅ። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 ወይን የሰውን ልብ ደስ እንደሚያሰኝ ተናግሯል፤ ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወደ ወይን ለውጧል፤ ሐዋርያው ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም የአንጾኪያን ሕዝብ ሲያስተምር ወይን ለደስታ እንጂ ለስካር እንዳልተሰጠ ገልጿል። ሆኖም ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክቱ ስካርን ከልክሏል፤ ለቆሮንቶስ ሰዎችም ሰካሮች የእግዚአብሔርን መንግሥት እንደማይወርሱ ጽፏል።

ዳሩ ግን ለነጂ የሚሆነው ልክ ከዚህም የጠበበ ነው። በእኛ ልማድ ሰከረ የሚባለው የተንገዳገደ፥ የተሳደበ፥ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ነው። ለነጂ ግን ስካር የሚጀምረው ሰው ሳያውቅበት፥ እርሱም ራሱ ሳይታወቀው ነው። ዐይን ያየውን እጅ ለመፈጸም ትንሽ ሲዘገይ፥ ፍርሃት ሲቀንስና ድፍረት ሲጨምር፥ ያን ጊዜ መጠጡ ሥራውን ጀምሯል። ሰውየው እንደ ወትሮው ይነጋገራል፤ እንዲያውም ከወትሮው የተሻለ የሚነዳ ይመስለዋል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር አሮንንና ልጆቹን ወደ ምስክሩ ድንኳን በሚገቡበት ጊዜ ወይንና የሚያሰክር መጠጥ እንዳይጠጡ አዝዟቸዋል። በዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፤ ትእዛዙ «ጥቂት ጠጡ፤ አብዝታችሁ አትጠጡ» አላለም፤ በዚያች የአገልግሎት ሰዓት ፈጽሞ ከለከለ እንጂ። ሁለተኛ፤ ምክንያቱን ሲገልጽ የተቀደሰውን ካልተቀደሰው፥ ንጹሑን ከርኩሱ ለይተው እንዲያውቁ ነው አለ። የካህኑ ሥራ መለየት ስለ ሆነ የሚለይበት ልቡና እንዳይደፈርስ ነው። ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን ሊቀድስ ያለ ካህን ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ይገባል። የነጂም ሥራ መለየት ነው፤ መንገዱን ከገደሉ፥ ጥላውን ከሕፃኑ፥ ሕይወትን ከሞት ይለያል። ስለዚህ ሊነዳ የተነሣ ሰው ለዚያች ሰዓት እንደ ቀዳሽ ካህን ጿሚ ይሁን።

ስለ በቅሎና ስለ መኪና

ይህ ትምህርት ከተማ ለሚኖሩ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ቢኖር፥ የሰሃላንና የመላውን የዋግ ኽምራን መንገድ ይመልከት። አባቶቻችን በእግርና በበቅሎ በሚሄዱበት ዘመን፥ ከሰርግ ወይም ከተዝካር ጠጥቶ የሚመለስ ሰው በኮርቻው ላይ ቢያንቀላፋ በቅሎዋ መንገዷን ታውቃለች። ገደሉን በዐይኗ ታያለች፤ የላላውን ድንጋይ በሰኮናዋ ትፈትናለች፤ ሕፃን ከፊቷ ቢቆም ትቆማለች። ጌታዋ ቢሰክርም እርሷ አልሰከረችምና ከደጁ ታደርሰዋለች።

ዛሬ ግን ከሰቆጣ ከፍታ ወደ ዝቋላና ወደ ሰሃላ ቆላ፥ ወደ ተከዜ ወገን በሚወርደው መንገድ ሰው የሚጓዘው በመኪናና በሞተር ብስክሌት ነው። ብዙ ጊዜም ገበያተኛውና ተሳላሚው ከእህል ጆንያ ጋር በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። መኪና ደግሞ እንደ በቅሎ የራሱ ዐይን፥ የራሱም ፍርሃት የለውም፤ ወዳመለከቱት ይሄዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ያልፋል። መጠጥ የነጂውን እጅ አንዲት ሰከንድ ብቻ ቢያዘገይበት፥ መኪናው በጠባብ ኩርባ ላይ ያለ መሪ 11 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። በዚህ አገር ኩርባ ላይ 11 ሜትር ከመንገድ እስከ ገደል የሚበቃ ርቀት ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 የተጻፈውን የበለዓምን ታሪክ እናስታውስ። የእግዚአብሔር መልአክ ሰይፉን መዝዞ በመንገዱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ፤ በለዓም አላየውም፤ አህያይቱ ግን አይታ አንድ ጊዜ ወደ እርሻ ገባች፥ አንድ ጊዜ ወደ ቅጥሩ ተጠጋች፥ አንድ ጊዜም ተኛች። እርሱ ተቈጥቶ መታት፤ በመጨረሻ ግን ዐይኑ ሲገለጥ፥ እርሷ ዘወር ባትል ኖሮ ይሞት እንደ ነበር ከመልአኩ ሰማ። የዚህ ታሪክ ምሥጢሩ በለዓምን ስለ አሳወረው ስለ ዋጋ ፍቅር ነው። አንድም ለዛሬው ነጂ ምሳሌ ይሆናል። መጠጥ ያሳወረው ሰው ከፊቱ የተመዘዘውን ሰይፍ አያይም፤ ከበታቹ ግን ዘወር የምትልለት አህያ የለችም።

ስለዚህ እንግዳን አጥብቆ የማጠጣት ልማዳችን የበቅሎ ዘመን ልማድ መሆኑን ልንረዳ ይገባናል። በቅሎዋ ሄዳለች፤ ልማዱ ግን ቀርቷል። አደጋውም ከዚህ ይመጣል።

የታወቁ ስፖርተኞች ምን ያስተምሩናል?

ሰው «ብርታቴ ይጠብቀኛል» እንዳይል፥ በዓለም ላይ በብርታታቸው የታወቁትን እንመልከት።

አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ በኦሊምፒክ ታሪክ ከማንም የበለጠ ሜዳልያ ያገኘ ሰው ነው፤ በጠቅላላው 28፥ ከእነዚህም 23ቱ የወርቅ ናቸው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ዓ.ም.፥ በባልቲሞር ከተማ በፍጥነት ሲነዳ ዳግመኛ ተይዞ ጠጥቶ መንዳቱን በፍርድ ቤት አመነ። የአገሩ የዋና ፌዴሬሽን ለ6 ወር ከውድድር አገደው። ውኃን የሚገዛ ሰውነት ጽዋውን ሊገዛ አልቻለም።

የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረው ሄንሪ ራግስ በሩጫው ፍጥነት የተመሰገነ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ዓ.ም. በላስ ቬጋስ ከተማ ጠጥቶ፥ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲበር ከሌላ መኪና ኋላ ገጨ። የተገጨው መኪና ተቃጥሎ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ሞተች። በደሙ የተገኘው አልኮል በዚያ ያለው ሕግ ከሚፈቅደው እጥፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዐይኑና እግሩ ከብዙ ሰው የፈጠኑ ነበሩ፤ ያን ሌሊት ግን አንዳቸውም አልጠቀሙትም።

ነገሩ ተገላብጦም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የ22 ዓመቱ የቤዝቦል ተጫዋች ኒክ አደንሃርት ለቡድኑ ተጫውቶ ጥቂት ሰዓት እንኳ ሳይቆይ፥ አንድ ስሙ ያልታወቀ ተራ ሰው ሰክሮ የነዳው መኪና ገጭቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገደለው። ነጂው ቢያንስ የ51 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እንግዲህ አንድ ጊዜ ዝነኛው ተራውን ሰው ይገድላል፤ አንድ ጊዜም ተራው ሰው ዝነኛውን ይገድላል። ጽዋው ለሰው ፊት አያዳላም።

በአገራችን ደግሞ ሻምበል አበበ ቢቂላ አለ። በ1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሮጦ የማራቶንን ድል ሁለት ጊዜ ያገኘ ጀግና ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በአንዲት ሌሊት የሚነዳው መኪና ተገልብጦ፥ ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹ ዳግመኛ አልቆሙም፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ስሙን ያነሣነው መጠጥን ልንጽፍበት አይደለም፤ መንገድና ብረት ጀግናን ከሌላው ሰው ለይተው እንደማያውቁ ለማሳየት ነው። መንገድ በራሱ እንዲህ የሚያስፈራ ከሆነ፥ መጠጥ ሲጨመርበት እንዴት ይሆን!

«ቀኑ ደርሶ ነው» ስለ ማለት

አበበ ቢቂላ ድሉን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለ፥ ጉዳቱንም እንደዚሁ በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበለው ይናገር ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦም በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ይህ የሚመሰገን ትዕግሥት ነው። ዳሩ ግን ይህን ቃል ማን እንደሚናገረው መለየት ያስፈልጋል። የተጎዳ ሰው «እግዚአብሔር ፈቅዶ ነው» ቢል ትዕግሥት ነው፤ የጎዳ ሰው ይህንኑ ቃል ቢናገር ግን ማምለጫ ነው።

በየልቅሶ ቤቱ «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረግ» እየተባለ የሰካራም ነጂ ሥራ በእግዚአብሔር ላይ ሲጣል እንሰማለን። ኢያሱ ወልደ ሲራክ በምዕራፍ 15 ሰው ስለ መሳቱ እግዚአብሔርን ምክንያት እንዳያደርግ አስጠንቅቆ፥ እሳትና ውኃ በፊታችን እንደ ቀረቡና እጃችንን ወደ ወደድነው እንደምንሰድ ያስተምራል። ጌታችንም በመቅደሱ ጫፍ ላይ ዲያብሎስ «መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወርውር» ባለው ጊዜ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል። ከመኪናው መስተዋት ላይ መስቀልና ሥዕል ሰቅሎ፥ ከወንበሩ ሥር የአረቄ ጠርሙስ የሚያኖር ሰው ይህንኑ ፈተና ይፈጽማል፤ ራሱን ከጫፍ እየወረወረ ቅዱሳን እንዲቀበሉት ይጠብቃልና።

የአገራችን ሕግም በዚህ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር ይስማማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ በአንቀጽ 543፥ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው በመጠጥ ራሱን ኀላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ያስገባ እንደ ሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጓል። አስተውሉ! ሕጉ «ሰክሬ ነበርና አላወቅሁም» የሚለውን ቃል ማቅለያ አላደረገውም፤ ማክበጃ አደረገው እንጂ። ምክንያቱም ሲሰክር ባያውቅም፥ ጽዋውን ሲያነሣ ያውቅ ነበር።

«በሞቴ ጠጣ!» ስለሚሉ ጋባዦች

በደሉ ከጽዋው የሚጀምር ከሆነ፥ ጽዋውን የሞላው እጅ ምን ይባላል? ነቢዩ ዕንባቆም በምዕራፍ 2 ባልንጀራውን አጠጥቶ ለሚያሰክር ወዮታን ተናግሯል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21፥ አንድ በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደ ሆነ ግን ባለቤቱም በደም ይጠየቃል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ታዝዟል። ከእነዚህ ሕግጋት የምንማረው፥ አደጋውን እያወቀ ያልከለከለ ሰው ከደሙ ንጹሕ አለመሆኑን ነው። የመኪና ቁልፍ በኪሱ የያዘን እንግዳ እያየ የሚቀዳ ጋባዥ የበሬውን ጠባይ የሚያውቅ ባለቤት ነው።

በአገራችን ጋባዥ እንግዳውን «በሞቴ! ይህችን ብቻ!» እያለ ያጠጣል። ቃሉ የፍቅር ቃል እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ይህ ቃል ለነጂ ሲነገር በሞት መማል ብቻ ሳይሆን ሞትን መጥራት ሊሆን ይችላል፤ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ የጋባዡን ሞት ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚሄደውን የማያውቀውን ሰው ሞት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በማኅበርና በዝክር ላይ የቅዱሳንን ስም ጠርቶ «የእመቤታችን ጽዋ ነው፤ አትለፈው» ብሎ ማስጨነቅ ነው። የእመቤታችን ጽዋ የበረከት ጽዋ ነው፤ ለበረከቱም መቅመስ ይበቃል፤ ነጂ ደግሞ ቍራሹን ዳቦ በልቶ ቢሄድ ከበረከቱ አይጎድልበትም።

እንግዳን ማክበር መልካም ነው። የዋግ ማር የተመሰገነ ነውና ጠጅ ለሚጠጣው ጠጅ፥ ለነጂው ደግሞ ያልፈላ ብርዝ ይቅረብለት። ነጂው አስቀድሞ ጠጥቶ ከሆነ አልጋ ይነጠፍለትና ይደር። ቡናና ቀዝቃዛ ውኃ ስካርን አያወጡም፤ ሰውነት መጠጥን የሚያስወግደው በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የጠጣ ሰው በማለዳም መሪ ለመያዝ ገና ብቁ ላይሆን ይችላል። አብሮ የሚጓዘውም «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ከሰካራም ነጂ ጋር አይሳፈር፤ ይሉኝታ ከሞት አያድንም።

ካህናት ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ የንስሐ አባት የመንፈስ ልጁ ነጂ እንደ ሆነ፥ ስለ ጾሙና ስለ ጸሎቱ እንደሚጠይቀው ሁሉ ጠጥቶ ይነዳ እንደ ሆነ ይጠይቀው። ሰው ባይገድልም ጠጥቶ መንዳቱ ራሱ ንስሐ የሚያስፈልገው ኃጢአት መሆኑን ያስረዳው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ደም ከፈሰሰ በኋላ ከሚሰጠው ከባድ ቀኖና አስቀድሞ የሚሰጠው ቀላል ምክር ይሻላል።

ሁለተኛ፤ አዲስ መኪና ገዝቶ ጠበል እንዲረጭለት የሚመጣ ሰው ሲገኝ፥ ካህኑ ጸሎቱን አድርሶ ዝም ብሎ አይሸኘው። በዚያው ቦታ፥ በቤተ ሰቡ ፊት፥ ጠጥቶ እንዳይነዳ ያሳስበው። መኪናው ቢባረክም ባርኮቱን የሚጠብቀው የነጂው ንቃት ነው።

ሦስተኛ፤ በንግሥ፥ በሰርግና በተዝካር ላይ ማዕድ ባርኮ የሚቀመጥ ካህን ከጸሎቱ ቀጥሎ «ነጂዎች እነማን ናችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ለእነርሱ የሚያሰክር እንዳይቀዳ ለአሳላፊዎቹ ይንገር። ጋባዡ ሊያፍር የሚችለውን ነገር ካህኑ ቢናገረው እንደ ነውር አይቆጠርም።

አራተኛ፤ ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ቀሳውስትና ዲያቆናት ለመጠጥ የማይገዙ እንዲሆኑ አዝዟል። እኛ ራሳችን ጽዋ እየደጋገምን ሌላውን ብንከለክል ቃላችን ፍሬ አያፈራም።

ለወደቀው ሰው

በመጨረሻም፥ ይህን በደል አስቀድሞ የፈጸመ ሰው ተስፋ አይቍረጥ። ፌልፕስ ከሁለተኛው መያዙ በኋላ ራሱን ወደ ሕክምና ስፍራ አስገብቶ በመጠጥ ላይ ያለውን ድካሙን አመነ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ተመልሶ አምስት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። የምድር ስፖርተኛ ስለሚጠወልግ አክሊል እንዲህ ከተመለሰ፥ ክርስቲያን ስለ መንግሥተ ሰማያት እንዴት አይመለስ?

የሰው ሕይወት የጠፋበት ሰው ደግሞ መንገዱ ከዚህ ይከብዳል። ሰው ገጭቶ አይሽሽ፤ የወደቀውን አንሥቶ ወደ ሐኪም ያድርስ፤ ለሕግ ራሱን ይስጥ፤ ለሟች ቤተ ሰብ ይካስ። ሽማግሌዎች መካከል ገብተው ማስታረቃቸው የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዕርቁ እውነቱን መሸፈኛ፥ ከሕግም ማምለጫ አይሁን። የሟች እናት ይቅር ማለት የምትችለው እውነቱ ሲነገራት ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ጽዋ በፊታችሁ በቀረበ ጊዜ፥ አሁን ልቡናዬ ጤነኛ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የእኔ ላይሆን ይችላል ብላችሁ አስቡ። ፍርዱን በዚያች ጊዜ ፍረዱ። ቁልፍ የያዘ ጽዋውን ይመልስ፤ ጽዋውን ያነሣ ደግሞ ቁልፉን ለጤነኛ ይስጥ። በመንገድ የሚጠብቁን ሕፃናት፥ እናቶችና ተሳላሚዎች እኛን ባያውቁንም፥ የእነርሱ ሕይወት በዚያች አጭር ሰዓት በእጃችን ላይ ነው።

እግዚአብሔር አምላካችን መንገደኞችን ሁሉ ከድንገተኛ ሞት ይጠብቅልን፤ ለነጂዎች ንቁ ልቡና፥ ለጋባዦች ማስተዋልን፥ ለእኛም ለካህናት የመናገር ድፍረትን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።